ደብተር፣ ሚዛንና ስልክ፤ በወገዳ ምድር አነስተኛ ንግድ የሚያድግባቸው መሣሪያዎች

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ስሟ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን፣ ማለትም የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ክፍል በጥቅሉ ይወክላል። ይህ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ በሽሎ ከዓባይ ጋር እስከሚገናኝበት ቆላ ድረስ የሚወርድ ሲሆን፣ ደጋው ድንች፣ ገብስና ባቄላ፣ ወይና ደጋው ጤፍና ሽምብራ፣ ቆላው ደግሞ ማሽላና ፍየል ወደ ገበያ ያወጣል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ጋይንትን ያቋርጣል እንጂ አብዛኛው የስማዳና የታች ጋይንት ቀበሌ ከእርሱ ርቆ ይገኛል። ስለሆነም የዚህ አገር ነጋዴ ዕድገት ዋነኛ እንቅፋት ርቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ነጋዴው ዋጋ ከሚቆረጥበት ገበያ፣ ገንዘብ ከሚያበድረው ባንክ፣ የተሰበረ ማሽን ከሚጠግነው ባለሙያ ይርቃል፤ ቴክኖሎጂም ለእርሱ ፋይዳ የሚኖረው ይህን ርቀት በሚያሳጥርበት መጠን ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ እስከ 5 ሠራተኞች ያሉትንና ሀብቱ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ዘርፍ ከ50,000 ብር የማይበልጠውን ተቋም «ጥቃቅን»፣ ከ6 እስከ 30 ሠራተኞች ያሉትንና ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር የሚደርሰውን ደግሞ «አነስተኛ» ሲል ከፍሎ ነበር። የብር የመግዛት አቅም ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ስለወረደ የገንዘቡ ልክ ዛሬ ጠባብ ይመስላል፤ ይሁንና ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራው፣ ጠላ ቤቱ፣ የእህልና የከብት ንግዱ በቤተሰብ ጉልበትና በጥቂት ቅጥር ሠራተኞች የሚንቀሳቀስ መሆኑ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ድርጅት ለቴክኖሎጂ የሚያወጣው እያንዳንዱ ብር ከእህል መግዣው ላይ የሚቀነስ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት የትኛው ዕቃ አዲስ ነው የሚለው ሳይሆን የትኛው ዕቃ መብራትም ዳታም በሌለበት ቀን ያገለግላል የሚለው ነው።

በዚህ መስፈርት ሲታይ ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ ደብተር ነው። ደብተርን ቴክኖሎጂ ብሎ መጥራት ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ነገር ግን ሰው በልቡ የያዘውን ነገር ሌላ ሰው ሊያነበውና ሊያምነው ወደሚችል ማስረጃ የሚለውጥ መሣሪያ ከእርሱ የተሻለ እስካሁን አልተገኘም፤ ኮምፒውተሩም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ በፍጥነት ነው። አገሬው ለዚህ ባዕድ አይደለም፤ የዕድርና የእቁብ ጸሐፊዎች የማን መዋጮ እንደገባ፣ የማን እንደቀረ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ ለዓመታት በጥንቃቄ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የሚያስቆጨው በማኅበሩ ገንዘብ ላይ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ በራስ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ነው፤ በሱቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ዱቤ ብቻ ሲሆን፣ በእጅ በእጅ የተሸጠው፣ ለመኪና የተከፈለው፣ ለቤት ወጪ ከመሳቢያ የተነሣው ሳይጻፍ ይቀራል።

ያልተጻፈ ወጪ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንድ ነጋዴ 10 ኩንታል ድንች በኩንታል 2,000 ብር ገዝቶ በ2,600 ብር ቢሸጥ በአእምሮው የሚይዘው ትርፍ 6,000 ብር ነው። ይሁንና ለጭነት 2,500፣ ለጫኝና አውራጅ 600፣ ለጆንያ 400 ብር ከፍሎ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ አንዱ ኩንታል ቢበላሽበት፣ ከ9 ኩንታል የሚያገኘው 23,400 ብር ሲሆን ያወጣው ግን 23,500 ብር ነው፤ አተረፍሁ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው በእርግጥ 100 ብር ከስሯል። ከሽያጩ ላይ 3,000 ብሩ በዱቤ የሄደ ከሆነ ደግሞ ለቀጣዩ ገበያ የሚገዛበት ገንዘብ ከእጁ የለም። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ዱቤ የሚሉ አራት ዓምዶች የተሠመሩበት ተራ ደብተር ይህን በዚያው ዕለት ማታ ያሳየዋል፤ የቤት ወጪና የሱቅ ወጪ በአንድ ኪስ መያዛቸው ሲቀር ደግሞ ባለቤቱ ለራሱ በወር ምን ያህል ደመወዝ መቁረጥ እንደሚችል ያውቃል።

ደብተሩ ለግብርም ይጠቅማል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን፣ ደረጃ «ሐ» የተባሉትን ግብር ከፋዮች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ ስላላስገደደ ግብራቸው የሚወሰነው በግምት ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲገለጽ በብዙ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ መነሣቱም ይታወሳል። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ ግምቱ የበዛበት ነጋዴ ወደ ቅሬታ ሰሚው ሲቀርብ በእጁ የያዘው ቃሉን ብቻ ከሆነ የሚመዘንለት ማስረጃ የለውም።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ነጋዴ ብቻ የሚገጥመው አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር አለ። ደብተሩ የሚጻፈው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሲሆን የበጀት ዓመቱም በሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የባንክና የስልክ ገንዘብ መልእክቶች ግን ብዙውን ጊዜ የአውሮፓውያኑን ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይዘው ይመጣሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ የተከፈለው 14:30 ተብሎ፣ ግንቦት 3 የተከፈለው ሜይ 11 ተብሎ ሲደርስ፣ ከስድስት ወር በኋላ ክርክር ቢነሣ የትኛው ክፍያ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። መፍትሔው በየክፍያው መልእክት ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር፣ ማለትም ሥርዓቱ ለአንዱ ክፍያ ብቻ የሚሰጠውን መለያ፣ ከኢትዮጵያው ቀን አጠገብ በደብተሩ ላይ መገልበጥ ነው፤ ቀኑ ቢምታታም ቁጥሩ አይምታታም።

ከደብተር ቀጥሎ የሚመጣው ስልክ ነው። በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ለአማራ ክልል አዲስ አይደለም፤ ቴሌብር ከመምጣቱ በፊት አብቁተን፣ ማለትም የዛሬውን ፀደይ ባንክ፣ ጨምሮ አምስት የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ኤም ብር የተባለውን አገልግሎት ይሰጡ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርን አስከተለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ ሳፋሪኮም ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በኤም ፔሳ ተቀላቀለ። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ ደንበኛው ጥሬ ገንዘቡን ለወኪል ይሰጣል፣ ወኪሉ በስልክ ካለው ሒሳቡ ላይ ያንኑ ያህል ለደንበኛው ያስተላልፋል፣ ደንበኛውም ከዚያ በኋላ ወደ ፈለገው ሰው በሚስጥር ቁጥር ይልካል።

ለወገዳ ዋናው ቁም ነገር እነዚህ አገልግሎቶች ያለ ኢንተርኔትም መሥራታቸው ነው። ኮከብ ምልክት፣ ጥቂት አሃዞችና መሰላል ምልክት በመጫን የሚከፈተው አገልግሎት፣ ለምሳሌ *127# ለቴሌብር ወይም *847# ለሲቢኢ ብር፣ የሚጓዘው በድምፅ ኔትወርኩ መሥመር በመሆኑ በተራው የቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራል፤ ዳታ አይጠይቅም። ይህ ልዩነት በአማራ ክልል የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ በክልሉ ብዙ ቦታዎች የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል፤ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት በሚፈልግ መተግበሪያ ላይ ያቆመ ነጋዴ በአንድ ጀምበር እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ በአጭር ቁጥር መክፈልና መቀበል የለመደው የድምፅ ኔትወርክ በነበረበት ቦታ ሁሉ መሥራት ችሏል። የድምፅ ኔትወርኩ ራሱ የሚጠፋበት ቀን መኖሩም አይካድም፤ ለዚያ ቀን የጥቂት ቀናት መግዣ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በእጅ ማቆየት እንጂ ሁሉንም በስልክ ማስቀመጥ አይመከርም።

ስልክ የሚያመጣው አደጋም በዚያው ልክ መታወቅ አለበት። በገበያ ቀን ግርግር ውስጥ ገዥው «ልኬልሃለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያል፣ ወይም በሻጩ ስልክ ላይ የክፍያ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይደርሳል፣ ዕቃውም ይጫናል፤ ገንዘቡ ግን አልገባም። ማንኛውም ሰው የመልእክት ጽሑፍን አስመስሎ መጻፍ ስለሚችል፣ በገዥው ስልክ ላይ የሚታየው ሥዕልም ሊቀናበር ስለሚችል፣ ገንዘብ ገባ የሚባለው ሻጩ ራሱ በአጭር ቁጥሩ ገብቶ ቀሪ ሒሳቡን ሲያይ ብቻ ነው። ይህን ማድረግ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ደንበኛን እንደ መጠርጠር ተቆጥሮ ሊያሳፍርም አይገባም፤ የመቶ ብሩን ኖት ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት እንዳላሳፈረ ሁሉ። «በስሕተት ልኬልሃለሁና መልስልኝ»፣ «ሽልማት ደርሶሃል»፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የደረሰህን ቁጥር ንገረን» የሚሉ ጥሪዎችም የአንድ ማታለያ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው፤ የሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ የለም። ሱቁን ልጅ ወይም ተቀጣሪ የሚጠብቅ ከሆነም የሚስጥር ቁጥሩን ለእርሱ ከመንገር ይልቅ ለመሸጫ የተለየ የነጋዴ ሒሳብ መክፈት ይሻላል፤ ገንዘብ ይገባበታል፣ የባለቤቱ ቁጠባ ግን ከእርሱ ጋር አይቀላቀልም።

በስልክ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ ከፍጥነቱ ይልቅ ትልቁ ጥቅሙ ታሪክ መተዉ ነው። የገጠር ነጋዴ ብድር የሚከለከለው ብዙ ጊዜ ድሃ ስለሆነ ሳይሆን፣ አበዳሪው በየወሩ ስንት እንደሚገባለትና ስንት እንደሚወጣበት የሚያይበት መስኮት ስለሌለው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቴሌብር መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና ቴሌብር እንደኪሴ የተባለውን የክፍያ ማሟያ ሲጀምር፣ ብድሩ የቤት ካርታ ሳይጠየቅ በደንበኛው የአጠቃቀም ታሪክ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ የታሰበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁንና ቀላል ብድር ርካሽ ብድር ማለት አይደለም። ለምሳሌ 10,000 ብር ለአንድ ወር ተበድሮ 500 ብር የአገልግሎት ክፍያ የሚከፍል ሰው በወር 5 ከመቶ እየከፈለ ነው፤ ብድሩን በየወሩ እያደሰ ቢቀጥል በዓመት ለተመሳሳይ 10,000 ብር 6,000 ብር ይከፍላል። እንዲህ ያለው ብድር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ለሚሸጥ ዕቃ ይሆናል እንጂ ለወፍጮ መግዣ አይሆንም።

ለማሽን የሚሆነው ሌላ መንገድ ነው። በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ እንደሚሠራው፣ ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ለኢንተርፕራይዙ በኪራይ ግዥ ያስረክባል፤ ተጠቃሚው ቀድሞ የተወሰነ ቆጥቦ የቀረውን ማሽኑ እያመረተ ይከፍላል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ከብት፣ መሣሪያ፣ የተከማቸ እህልና የመሳሰለው፣ በብሔራዊ ባንክ በሚገኝ መዝገብ ተመዝግቦ ለብድር መያዣ እንዲሆን ተፈቅዷል። ከመሬት በቀር ሀብቱ በሬና በግ ለሆነ አገር ይህ ሕግ ትልቅ ነገር ነው፤ ባንኩ አላውቀውም ቢልም የሕጉን ቁጥር ይዞ መጠየቅ መብት ነው። ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ግን መለዋወጫው የት እንደሚገኝና ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሳይኬድ ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዚህ ምድር የቆየ ትምህርት አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንትና በጨጨሆ አድርጎ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ወራት የፈጀው፣ መድፉን ሳይሆን መንገዱን መሥራት ስለነበረባቸው ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ጥርጊያውን ያሠሩ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ከማሽን ዋጋ ይልቅ ማሽኑን በሥራ ላይ የሚያቆየው ነገር እንደሚከብድ ዛሬም አንድ ቀበቶ ተበጥሶበት ለሳምንታት የቆመ ወፍጮ ያሳያል።

ስልኩ ከሚሰጠው ጥቅም ባልተናነሰ፣ ምናልባትም ለእህልና ለማር ነጋዴ በሚበልጥ መጠን፣ ንግድን የሚያሳድጉ ሌሎች ርካሽ መሣሪያዎች አሉ፤ እነዚህ ግን ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙም አይነሡም። አንደኛው የታመነ ሚዛን ነው። በንግድ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ሚዛን ያለው ሰብሳቢ ገበሬው ከሌላው ይልቅ ወደ እርሱ ስለሚመጣ የሚገዛው እህል ይበዛል፤ ዕምነት እዚህ ላይ በኪሎ ይለካል። ሁለተኛው ፒክስ ተብሎ የሚጠራው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር ስለማያስገቡ ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል፣ ሽምብራውና ባቄላውም ያለ መድኃኒት ዋጋ እስኪሻል ይቆያል። እህሉ በደንብ የደረቀ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር በጠርሙስ አድርጎ መነቅነቅ በቂ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ተመልሶ ይሰጣ።

የደጋው ዘር ድንችም የራሱ ጥበብ አለው። በጨለማ ጎተራ የተከመረ ዘር ድንች ቀጭንና ረጅም፣ ሲነካ የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል፤ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ፀሐይ በቀጥታ ሳትነካው የተበተነ ብርሃን ሲያገኝ ግን ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ዘሩም እስከ ዘር ወቅት ሳይጎዳ ይቆያል። መደርደሪያውን ማንኛውም የአካባቢ አናጢ ሊሠራው ይችላል። በብርሃን አረንጓዴ የሆነው ድንች ግን መርዛማነት ስላለው ለዘር እንጂ ለምግብ አይሸጥም። ማር ነጋዴው በበኩሉ የእርጥበት መለኪያ የምትባለውን፣ በመዳፍ የምትያዝ መነጽር መሳይ መሣሪያ ቢይዝ የውኃው መጠን ከ20 ከመቶ በላይ የሆነውን ማር ከሌላው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይለየዋል፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ድንበር የሚያደርገው ይህንኑ ልክ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነው በቀላሉ ስለሚብላላ ጣሳውን ሁሉ ያበላሻል። የግብርና ምክር ለሚፈልግ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውና በተቀዳ ድምፅ የሚመልሰው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር አለ።

ኤሌክትሪክ በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ የፀሐይ ኃይል ጥሩ አማራጭ ነው፤ ሆኖም ስሌቱን ሳያውቅ የገዛ ሰው ይከስራል። አንድ ባለ 50 ዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ለ5 ሰዓታት ያህል በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 250 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በባትሪና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ 170 ያህል ይቀራል። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓታት 60 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፣ አምስት ስልኮችን መሙላትም ወደ 60 ይወስዳል፣ የቀረው ለጸጉር ማስተካከያ ማሽን ይበቃል፤ ብየዳና ወፍጮ ግን በዚህ ፈጽሞ አይሠሩም። ወገዳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሊተከል ይገባል፤ አቧራውም በየሳምንቱ ይጠረግ። የመኪና ዓይነቱ ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች እስኪደርስ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል።

ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ በቴሌግራም ዕቃን ማስተዋወቅ፣ ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሥቶ ዋጋና መጠን ጽፎ መለጠፍ ይጠቅማል፤ በተለይ የሸማኔ ሥራ፣ ማርና ቅቤ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ባሉ ተወላጆች ዘንድ ፈላጊ አላቸው። እስቴ የተወለዱት ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በፎገራ የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ ለእርሻ የሚሆን በቂ መሬት ስላልነበረው በሽመናና በወፍጮ መተዳደሩ፣ ከእርሻ ውጭ ያለ ሥራ መተዳደሪያ ሊሆን እንደሚችል ከቅርብ የሚታይ ምሳሌ ነው። ሥልጠና የሚሻ ኢንተርፕራይዝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ስም የሚሰጡትን የሙያ፣ የሥራ ፈጠራ፣ የካይዘን (ማለትም የአሠራር ቀጣይ ማሻሻያ) እና የቴክኖሎጂ ድጋፍ በከተማው አንድ ማዕከል አገልግሎት በኩል መጠየቅ ይችላል።

አንድ ጉዳይ ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በላይ ትኩረት ይሻል፤ ሲም ካርዱና ሒሳቡ በማን ስም እንደተመዘገበ። በብዙ ቤት ጠላውን የምትጠምቀው፣ እህሉን የምትሸጠው፣ ሱቁን የምትጠብቀው ሴት ሆና ሳለ የሚሠራበት ስልክ በባል ወይም በወንድም ስም የወጣ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ምትክ ሲም የሚሰጠው ለተመዘገበው ሰው ነው፤ በሒሳቡ ላይ የተከማቸው የዓመታት የግብይት ታሪክም፣ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚመጣው ብድርም የዚያው ሰው ነው። ጋብቻ ቢፈርስ ወይም ሞት ቢመጣ ሠርታ ያሳደገችው ንግድ በአበዳሪው ፊት ያልነበረ ያህል ይሆናል። አሁን ባንኮች የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እየጠየቁ በመሆኑ፣ ፋይዳ ባለበት ቤት ሁሉ ለንግዱ የሚሆነውን ሲም በራሷ ስም አውጥታ፣ ሒሳቡን በራሷ ቁጥር ከፍታ፣ ከዛሬው ሽያጭ ጀምሮ ገቢው በዚያ እንዲገባ ማድረግ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው።